የማድቤቱ መስኮት

ቤታችን ባሕር የተሻገረ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኛ አላልኩም፣ ቤታችን ነው ያልኩት። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ሁሉም እንዳለ። በእኛ ደሴቶች ሰው ሰፈር ሲቀይር ቤቱን ጥሎ አይሄድም። ጎረቤቱን ለምኖ ደቦ ይጠራል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ቤቱ በሁለት ረጃጅም ግንዶች ላይ እየተንሸራተተ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ባሕሩ ሲሞላ ይንሳፈፋል፣ ጀልባ ይስበዋል፣ ማዶ ሲደርስ ደግሞ ሌላ በሬ ይቀበለዋል። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኛ።

ነገሩ የጀመረው በክርክር ነው። አባቴ ባውዲልዮ ከኬትሩ ደሴት ወጥተን ማዶ ካለችው ትንሿ የወደብ ከተማ፣ ከፑልካይ፣ እንግባ ይላል። እናቴ ዶሚቲላ አሻፈረኝ ትላለች። ክረምቱን ሙሉ፣ እራት በቀረበ ቁጥር፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ይኼንኑ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ።

ያኔ የማላውቀውን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የእናቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። ከዳር ከዳር እየጨለመ ወደ መሐል የሚመጣ በሽታ ነው። የፑልካይ ጤና ጣቢያ ሐኪም ለአባቴ፣ እስከ ፀደይ የሰው ፊት ትለይ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የሚተርፋት ፊቷ ላይ ቀጥታ የሚያርፍ ብርሃንን ከጨለማ መለየት ብቻ ነው፣ ብሎት ነበር። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ቢሰማ አንዱ «ተደግሞባታል» ይላል፣ ሌላው የደገመባትን ሰው በስሙ ይጠራል፤ በደሴታችን እንዲህ ላለ ወሬ የሚሰንፍ የለም። ከእኔም የደበቀችው እሷው ራሷ ናት። «ካወቀች እጄን ይዛ ልትመራኝ ነው፤ እኔ ገና ሰው ነኝ» ብላው ነበር አሉ።

እኔ ምኑንም ሳላውቅ የራሴን ሚዛን አቆምኩ። ከእንጨት ሣጥኑ ጀርባ ሁለት አሮጌ የአባዬን የሱፍ ካልሲዎች ደበቅሁ። አባዬ ለመሄድ የሚሆን ጥሩ ነገር ከተናገረ በአንደኛው ውስጥ ረጅሟን ጥቁር ድንች እከታለሁ። እማዬ ለመቅረት የሚሆን ነገር ከተናገረች በሌላኛው ክቧን ቀይ ድንች። ሲያልቅ ቆጥሬ ያሸነፈውን ለማወጅ ነበር ሐሳቤ። ማን ጠይቆሽ ነው አትበሉኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

«ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው» ይላል አባዬ። «ኤርሲልያ ጀልባ ላይ እያስመለሳት አትማርም።»

«ጀልባው አይደለም ያስመለሳት። ያን ቀን የበላችው የከረመ ዓሣ ነው።»

አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ።

«መብራት አለ።»

«ለማን?» አለች እማዬ።

አባዬ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና ምድጃውን ማየት ጀመረ። እኔ መልስ ያጣ መሰለኝና ለእማዬ አንድ ቀይ ጨመርኩላት።

«ሐኪሙ እዚያው ነው።»

«የሚለውን ብሏል ሐኪሙ። ጎረቤቱ ስሆን ሌላ ነገር ሊል ነው?»

ለሐኪሙ ድንች አልሰጠሁትም። እማዬ አንድ ቀን ታማ ተኝታ አይቼ አላውቅም። ጆንያ ድንች በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ሐኪም ምን ያደርግላታል?

«እኔ ባሕር ላይ ስሆን እዚህ ማን አለሽ? ጉድጓዱ አጠገብ ማን አለሽ ዶሚ?»

«ዕድሜ ልኬን የቀዳሁበት ጉድጓድ ነው።»

«ያለፈው ሳምንትስ?»

እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሂጂ እንጨት አምጪ» አለችኝ። እንጨቱ ሞልቶ ነበር። ያለፈው ሳምንት እስከ ወገቧ ርሳ ቤት ገብታ ዝናብ መታኝ ማለቷን አስታወስኩ፤ ያን ቀን ዝናብ እንዳልነበረ ግን አላስታወስኩም።

የእማዬ ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እዚህ ከበሩ እስከ ምድጃው ስድስት እርምጃ ነው። ከምድጃው እስከ አልጋው አሥራ አንድ። እዚያስ ስንት ነው?»

«እቆጥርልሻለሁ።»

«የምኖርበት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህ።»

እርምጃ መቁጠር መቼ እንደጀመረች አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ዓይኗን ጨፍና፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ከምንተኛበት ጓዳ ወደ ማድቤት ስትሄድ አይቻታለሁ። ጨዋታ መስሎኝ ከኋላዋ ዓይኔን ጨፍኜ ተከተልኳት። ወዲያው በርጩማ መታኝና ወደቅኩ። በርጩማውን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔው ነበርኩ። እማዬ ዓይኗን ገለጠችና ሳታመነታ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት እጇ አርፎብኝ አያውቅም።

«በርጩማ ከቦታው አይነሳም» አለች። በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰችው። «ምንም ነገር ከቦታው አይነሳም። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ማዶ ያለችው ከተማ ስሟ ሲነሳ እንኳ እናቴን ክፉ የምታደርግ ከሆነ ሄደን ምን ልንሆን ነው ብዬ ሁለት ቀይ ድንች በአንዴ ጨመርኩ።

በመጨረሻ አንድ ማታ፣ እኔ ከሳንቃው ግድግዳ ወዲያ አልጋዬ ላይ ሳለሁ፣ አባዬ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ቤቱን ይዤልሽ ብሄድስ?»

«የምን ቤት?»

«ይሄን። እንዳለ። ስድስቱ ስድስት፣ አሥራ አንዱም አሥራ አንድ እንደሆነ።»

 የምድጃው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ።

«መስኮቷስ?» አለች እማዬ።

«የቷ?»

«የማድቤቷ ናታ። ጠዋት ጠዋት ፊቷ የምቆመው። እሷ እንደነበረች ካልሆነች ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«እንደነበረች አደርግልሻለሁ።»

«ማል።»

«በካንዴላሪያ እመቤታችን።»

የምታለቅስ መሰለኝ። ብርድ ልብሴን ራሴ ላይ ስቤ እኔም አለቀስኩ። ያቺን መስኮት አውቃታለሁ። እማዬ በየማለዳው ክርኗን ደፏ ላይ አስደግፋ፣ ማንቆርቆሪያው እስኪያፏጭ ድረስ ሳትነቃነቅ ወደ ውጭ ታያለች። ከመስኮቷ ፊት የድንች ማሳችን፣ ከማሳው ወዲያ ባሕሩ ነው። የአገሯን መሬት እያየች የምትሰናበት መሰለኝ። ማሳውን አልነበረም የምታየው። ፀሐይ የምትወጣው በዚያ በኩል ነው፤ እማዬ ብርሃኑ ዛሬም ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር የምታረጋግጠው።

በማግስቱ አባዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደቦ ሊለምን ወጣ፣ እኔንም አስከተለኝ። ቤት የማንቀሳቀስ ደቦ ሲለመን እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ በር ላይ ይቆማል፣ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፣ ለምን እንደምትሄድ ትጠየቃለህ። ቤት ማስጎተት የሚያውቁት ሽማግሌ ዶን አርቴሚዮ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ከአርባ በላይ ቤት አሻግረዋል፣ አንድም አላሰጠሙም። ይህን ሳይጠየቁም ይናገራሉ።

«ለምንድን ነው የምትሄደው ባውዲልዮ?»

«ለልጅቷ ትምህርት ብዬ ነው።»

ዶን አርቴሚዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይቺ ደግሞ ምን ቀርቷት? አፏ እንደሁ ከእኔ በላይ ተምሯል።» ከዚያ ሳቅ ብለው «መቼ?» አሉ።

«መጪዋ ጨረቃ ስትሞላ። የወሩ ትልቁ የባሕር ሙላት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ አይሆንልኝም።»

«ምን አጣደፈህ? በበጋ ባሕሩ ይረጋል።»

«ከዚያ ወዲያ አይሆንልኝም ዶን አርቴሚዮ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ማድቤቱ ከፑልካዩ ቦታዬ ኋላ ወዳለው ኮረብታ እንዲዞር ነው የምፈልገው። ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበት ችካል እተክላለሁ፤ የማድቤቱ ማዕዘን እዚያ ነው የሚያርፈው።»

«ሰው ሁሉ ማድቤቱን ወደ ባሕር ያዞራል፣ አንተ ወደ ጭቃ?»

«እንደሱ ነው የምፈልገው።»

«ለምን?»

አባዬ ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረ። «እንዲሁ ነው» አለ።

ያን ቀን አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ፣ ሚስቴ ከብርሃን በቀር የሚቀራት የለም ቢላቸው ኖሮ፣ ዶን አርቴሚዮ የጠዋት ፀሐይን በዓይናቸው ሳይለኩ ገመድ አያስፈቱም ነበር። አልተነፈሰም። አልፈርድበትም፤ ቃል ገብቶላት ነበር።

ቤቱ ከመሻገሩ በፊት ባለው ቀን እኔና አክስቴ ዶርሊሳ ድስቱንና ዕቃውን ይዘን ፑልካይ ቀድመን ገባን። ለደቦው የሚበላውን የምታበስለው እሷ ናት። አባዬ አብሮን መጥቶ ቦታውን አሳየኝ። አሥራ ሁለት የመሠረት ግንዶች ተተክለዋል፤ በአንደኛው ማዕዘን፣ ከኮረብታው በኩል፣ ከእማዬ አሮጌ ሽርጥ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ያለበት ችካል ቆሟል። ችካሉ አጠገብ ሄጄ ቆምኩና መስኮቷ በምታይበት በኩል አየሁ። ጭቃማ ዳገት፣ የዓሣ ማጨሻ ቤት፣ የጎረቤት ሽንት ቤት። ዞር ብዬ በባሕሩ በኩል አየሁ። ኬትሩ ቁጭ ብላለች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሳይቀር ይታያል።

«አባዬ፣ እማዬ በመስኮቷ ሽንት ቤት ልታይ ነው እኮ።»

«እናትሽ ለሽንት ቤቱ ግድ የላትም።»

«ደሴታችን ግን በዚያኛው በኩል—»

«ኤርሲልያ፣ ተይኝ» አለ። ፊቱን አዙሮ ወደ ጀልባው ሄደ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን የጠላሁት ጊዜ የለም። በእመቤታችን ምሎ የከዳት መሰለኝ።

የሚመለሰው ቤቱን ውኃ ላይ ሊያስወርድ ነበር። ከዚያ በመጨረሻው ጀልባ፣ ሲመሽ፣ እማዬን ይዞ ይመጣል። ቤቷ ሲንገዳገድ ማየት አትፈልግም ተባልን። እውነቱ ሌላ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጇን ተይዛ ስትራመድ እንዳትታይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ነበር። የፑልካይ ሰዎች ሃያ አራት ጥማድ በሬ አምጥተው ባሕሩ ዳር አቁመዋል። እኔ ካልሲዎቼን ፍለጋ ወደ ዕቃው ክምር ሄድኩ። ያን ቀን ቆጥሬ ለአባዬ ላሳየው ነበር፤ ቀዩ በአራት እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ካልሲዎቹን አገኘኋቸው። ባዶ ናቸው።

«አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ የነበረው ድንች የት አለ?»

አክስቴ ዶርሊሳ በጭልፋዋ ድስቱን አሳየችኝ። «መቶ ሰው ነው የማበላው፣ አንቺ በካልሲ ድንች ትደብቂያለሽ? ደግሞ ግማሹ አብቅሏል።»

የእማዬ ምክንያቶች በሙሉ ከስጋ ጋር እየተንተከተኩ ነበር። ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ማንም ሳያየኝ ወደ ቦታችን ወጣሁ፣ ቀዩን ችካል ነቀልኩ፣ በባሕሩ በኩል ባለው ማዕዘን በድንጋይ መትቼ ተከልኩት። የድሮውን ጉድጓድ በእግሬ ደፈንኩ። ደስ ብሎኛል። ለእናቴ የሚሟገትላት ሰው አገኘች ብዬ ነው።

ጉሙ ሲገለጥ ቤታችን ባሕሩ ላይ ታየ። መስኮትና በሩ ተነቅሎለት፣ ከሥሩ ባዶ በርሜሎች ታስረውለት፣ ውኃው እስከ ደፉ ድረስ ውጦት፣ ሦስት ባለሞተር ጀልባዎች ይጎትቱታል።  ከመሐል ላይ ሲደርስ በአንድ በኩል ያለው ገመድ ተበጠሰ። ቤቱ ወደ ግራ አዘነበለ፣ ጣሪያው ውኃውን ሊነካ ደረሰ። አክስቴ ዶርሊሳ አማተበች።  ችካሉን ስለነቀልኩ ነው፣ የእመቤታችንን መሐላ ስላፈረስኩ ነው፣ አልኩ። ልመልሰው ወደ ላይ ሮጥኩ።

ስደርስ ግን የፑልካይ ሰዎች መንሸራተቻ ግንድ እየደረደሩ ነበር። በዓይናቸው ፊት ችካል መንቀል አልቻልኩም። ዞሬ ባሕሩን ሳይ ዶን አርቴሚዮ ከጀልባው ወደ በርሜሎቹ ዘለው ሌላ ገመድ ሲያስሩ፣ ቤቱም ቀስ እያለ ሲቃና አየሁ። ከተቃናማ ትክክል ነኝ አልኩ። ልጅ የሚመቸውን ምልክት አያጣም።

ባሕሩ ጫፍ እስኪሞላ ተጠብቆ ቤቱ ዳር ቀረበ፣ በሬዎቹ ተጠመዱ። ዶን አርቴሚዮ እስከ ደረታቸው ርሰው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወደ ቦታው ወጡ። ችካሉን አዩ። ኮረብታውን አዩ። እንደገና ችካሉን አዩ።

«ባውዲልዮ በኮረብታው በኩል ያለኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

አንዱ የፑልካይ ሰው «ሲያሰላስል ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል። ማን ሰው ማድቤቱን ወደ ጭቃ ያዞራል?» አላቸው።

ዶን አርቴሚዮ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ። ትናንት ከአባትሽ ጋር ነበርሽ። ችካሉን የት ነው የተከለው?»

ባሕሩ ሊጎድል ሩብ ሰዓት አልቀረውም። በሬ ነጂዎቹ ይጮሃሉ። ሽማግሌው ዓይኔ ውስጥ ይመለከታሉ፣ ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«እዚሁ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ ዶን አርቴሚዮ። እዚሁ ነው።»

ጭቃው ላይ እያለ ቤቱን አዞሩት፣ ከዚያ በሬዎቹ በአንድ ጩኸት ጎትተው አወጡት። ከሰዓት በኋላ ግንዶቹ ላይ አረፈ። መስኮቶቹ ገቡ፣ ምድጃው ቦታው ላይ ተተከለ። አክስቴ ዶርሊሳና ሴቶቹ ዕቃውን ሁሉ እማዬ እንደነገረቻቸው አስቀመጡ፤ በርጩማው ሳይቀር። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ የኬትሩ ሰዎች ባሕሩ ሳይርቃቸው በጀልባዎቻቸው ተመለሱ። ዶን አርቴሚዮ ግን ብርድ ስለመታቸው ከአንድ ዘመዳቸው ቤት አደሩ።

አባዬና እማዬ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። አባዬ እጇን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ቤቱን አየና ቆመ። 

«ደርሷል?» አለች እማዬ።

«ደርሷል።»

«እንደተባለው?»

አባዬ ሰዉን አየ፣ የተፈቱትን በሬዎች አየ፣ እሷን አየ። «እንደተባለው» አለ።

እማዬ በሩን በእጇ ዳብሳ ገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። እጇ ምድጃው ላይ አረፈ። ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። አባዬ አብሮ አልሳቀም። ነገ እነግራታለሁ ብሎ ነበር የተኛው።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። እማዬ መስኮቷ ጋ ስትቆም ፊቷን ለማየት ማድቤት ገብቼ ጠበቅኋት። ውጭው ነግቷል፤ በእኛ በኩል ገና የቤቱ ጥላ ነው፣ ማዶ ግን ኬትሩ ጥርት ብላ ትታያለች። እማዬ ከጓዳው ወጣች። ጓዳው ለብርድ ተብሎ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስለተሰቀለበት ጨለማ ነበር። አሥራ አንድ እርምጃ ተራምዳ ምድጃውን አገኘች፣ መስኮቷ ጋ ደረሰች፣ ክርኗን ደፏ ላይ አሳረፈች። ጠበቀች።

ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ሳትዞር «ማነው? ኤርሲልያ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ገና ሌሊት ነው እንዴ? ለምን ተነሳሽ?»

«ነግቷል እኮ እማዬ። አይታይሽም? ደሴታችን ፊት ለፊትሽ ናት።»

እማዬ እጇን አንስታ በዓይኗ ፊት አወዛወዘች። ከዚያ ሁለቱንም መዳፎቿን መስታወቱ ላይ አስቀምጣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችው።

«ባውዲልዮ። ሄደ።»

«ምኑ?» አለ አባዬ ከጓዳ።

«ብርሃኑ። የቀረኝም ሄደ።»

አባዬ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሰማሁ። ወደ እሷ አልመጣም፤ የጓዳውን ብርድ ልብስ ከነምስማሩ ገንጥሎ ጣለው። ፀሐይ ከኮረብታው በኩል በጓዳው በር ገብታ ወለሉ ላይ ዘለቀች። ከዚያ መጥቶ ትከሻዋን ያዘና አዞራት።

«አልሄደም ዶሚ። ይኸው። ቤቱ ነው የዞረው። ብርሃኑ እዚህ ነው፣ ይኸው፣ ይኸው።»

እማዬ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ፀሐይ ቀጥታ ትመታዋለች፣ አይርገበገብም። ያኔ ገባኝ። ጉድጓዱ፣ በርጩማው፣ «ለማን?» ያለችው፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አልኩ።

እማዬ ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ምለህልኝ ነበር።»

«አርቴሚዮ ነው» አለ አባዬ። ጫማውን እያሰረ፣ ባርኔጣውን እየፈለገ ነበር። «ችካል ተክዬለት፣ በአፌ ነግሬው። አርባ ቤት አሻገርኩ እያለ ዕድሜውን ሙሉ ይፎክራል። ዛሬ በሰው ፊት ነው የምነግረው።»

በሩን ከፈተ። ዶን አርቴሚዮ በርሜሉ ላይ ዘለው ገመድ ሲያስሩ ታዩኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልሰሙኝም። ደግሜ «ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም እዚሁ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

አባዬ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። እማዬ «ነይ ወደዚህ» አለችኝ። ሄድኩ። እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች፣ አገጬን ያዘች።

«ለምን?»

«ደሴታችንን እንድታዪ ብዬ።»

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። እጇን አነሳችና «ጓዳ ግቢ» አለችኝ ብቻ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱን መልሶ ማዞር አልተቻለም። አባዬ ዶን አርቴሚዮን አምጥቶ አሳያቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን እየዞሩ በጣታቸው መቱት፤ ሳንቃው ውኃ ጠጥቷል፣ መጋጠሚያው ሁሉ ላልቷል፣ ሌላ ጉተታ አይችልም፣ አሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። እስኪሞቱ ድረስ ቤት አሻገርኩ ሲሉ የእኛን አይቆጥሩም ነበር።

እማዬ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጠዋት ምድጃው ጋ ትደርስና ጭንቅላቷን ወደ መስኮቷ ታዞራለች፣ ታስታውሳለች፣ ትመልሳለች። አንዴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨች፣ አንዴ የፈላ ውኃ እጇ ላይ ደፋች። ቤቷን በብርሃኑ ነበር የምታውቀው፣ ብርሃኑን ደግሞ እኔ ነጠቅኋት። እንደዚያ ሳምንት በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ላይ ማድቤት ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች፣ እኔ ልጣጩን እሰበስባለሁ። ድንገት ቢላዋዋ ቆመ። ፊቷ በሙሉ ብርቱካን መስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ፀሐይ እየጠለቀች ነው።»

«የት?»

«በመስኮትሽ። ኬትሩ ላይ።»

ፊቷን ወደ ብርሃኑ አቅንታ ብዙ ቆየች። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ከዚያ «ማን ማን እሳት አንድዷል?» አለችኝ።

መስኮቷ ጋ ሄጄ በደንብ አየሁ። «ዶን አርቴሚዮ አንድደዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያሉትም። ጎረቤታችን ዶኛ ኡርሱላም፣ የእሷ ጭስ ወፍራም ነው።»

«እርጥብ እንጨት ነዋ። ሁልጊዜ ስነግራት» አለች እማዬ። ከዚያ ድንቿን መላጥ ጀመረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የእኔ ሥራ ይኼ ሆነ። የጠዋቱን ብርሃን በጓዳው በኩል ለመደችው፤ ሁለት ዓመት ፈጀባት፣ እጇ ላይ ጠባሳ ተወ። ይቅር ብዬሻለሁ ብላኝ አታውቅም። ማታ ግን ፀሐይዋ ፊቷን ስትነካት ትጠራኛለች። አግብቼም፣ ወልጄም፣ ሁለት ቤት አልፌ ስለምኖር እየሮጥኩ እመጣለሁ።

የኬትሩ ሰው አንድ በአንድ ቤቱን እየጎተተ ወጣ። የቀረውም አረጀ፣ ሞተ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደሴቲቱ ላይ የሚጨስ ቤት የለም። እኔ ግን መስኮቷ ጋ እየቆምኩ መቁጠሬን አልተውኩም። አንዴ ዋሽቼ ቤቷን አዙሬአለሁ፤ ለሁለተኛው ውሸት ብዙም አልተጨነቅሁም።

ባለፈው ሳምንት እንደ ወትሮው ጀመርኩ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያሉት አንድደዋል። ዶኛ ኡርሱላም አንድዳለች፣ ጭሷ እንደ ሁሌው ወፍራም ነው።»

እማዬ ቢላዋዋን አቆመች። «ኡርሱላን የቀበርናት ባለፈው ፋሲካ አይደል?»

 ከመስኮቱ ውጭ ደሴቲቱ ጠቁራ ተኝታለች፣ አንድ ጭስ የለባትም።

«ነው እማዬ» አልኩ።

«እንግዲያስ ዛሬ እንኳ ደረቅ እንጨት አድርጊላት» አለችኝ። «ሌላስ ማን አንድዷል? ቀጥዪ።» ድንቿንም መላጥ ቀጠለች።